ኮታ ያልደረሰበት ማሳ፦ የጓሮ አትክልትና የአርሶ አደሩ ቤት ወጪ

በሀገራችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ በሚነሳበት ጊዜ ሁሉ ቀድመው የሚጠቀሱት ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ቡናና ማዳበሪያ ናቸው። በኩንታል የሚለካ ነገር ለሪፖርት ይመቻል። ከቤቱ ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ የሚበቅለው ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባና ሽንኩርት ግን በእፍኝ፣ በእስርና በመደብ የሚቆጠር በመሆኑ በዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ እምብዛም ቦታ አያገኝም። ይሁን እንጂ አንድ የአርሶ አደር ቤተሰብ እህል ሸጦ ካገኘው ገንዘብ ስንቱን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይህችው ቁራሽ መሬት ናት።

በየትኛውም የወረዳ ከተማ በገበያ ቀን የሚታየው ትዕይንት ነገሩን ያስረዳል። ጠዋት እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ከጨው፣ ከዘይትና ከሳሙና ጋር በፌስታል የተቋጠረ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዟል። መሬት ያለው፣ ጉልበት ያለው፣ ፍግ ያለው ሰው አትክልት ገዝቶ ይገባል። ይህ እንዴት ሆነ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው የጓሮውን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ በማየት ነው። ታሪኩ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ደግሞ በዚህ የምሥረታ በዓል ወቅት ሊነሳ የሚገባው ያደርገዋል።

ጎመንና ክረምት

የጓሮ አፈር ከማሳ አፈር ይለያል። የምድጃው አመድ፣ የበረቱ እበት፣ የቤቱ ጥራጊና የእህሉ ገለባ ዓመት ከዓመት የሚደፋው እዚያው በመሆኑ በራቀው ማሳ ላይ የማይበቅለው ሁሉ በጓሮ ይበቅላል። በደጋውና በወይናደጋው አካባቢ ጎመን፣ ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ድንብላልና ኮሰረት የጓሮ ዕፅዋት ናቸው። በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ደግሞ ጓሮው ራሱ ዋናው እርሻ ነው። በጌዴኦና በሲዳማ ቤቱን ከብቦ የሚታየው እንሰትና ቡና፣ ከሥሩም የሚተከለው ጎመን የማሳና የጓሮን ድንበር ያጠፋ አሠራር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዚህ አያያዙ ምክንያት ነው።

የሀበሻ ጎመን የዚህችው ሀገር ተክል ነው። ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል፤ ሲያረጅ ለዘር ይተዋል፤ ከዘሩ የተወቀጠው ደግሞ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ይበልጥ ጥቅሙ የታወቀው ግን በጊዜው ነው። ጎተራው የሚሟጠጠው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን ጎመኑ የሚለመልመውም በዚያው ወቅት ነው። በአንዳንድ አካባቢ በመስከረም አዲሱ እህል ሲቃረብ ጎመን ይውጣ፣ ገንፎ ይግባ እየተባለ በባህላዊ ሥርዓት መሰናበቱ ክረምቱን ሙሉ ቤተሰቡን ማን ይዞት እንደቆየ የሚያሳይ ነው። ስንብቱ ትንሽ ውለታ ቢስነት ያለበት ይመስላል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ግን ጎመኑ ተመልሶ ይጠራል።

ጓሮው ከዚህም ለበለጠ ችግር የደረሰበት ጊዜ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት ወረርሽኝ በሬዎችን ሲጨርስ ማሳው የሚያርሰው አጣ። የቀረው መሣሪያ ዶማ ነበር። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን መሞከራቸው በታሪክ ተመዝግቧል። በዶማ የሚለማው መሬት ደግሞ በአብዛኛው ቤት አጠገብ ያለው ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሀገራችን ያስገባው ድንች ለአሥርት ዓመታት ሰው ሳይለምደው ቆይቶ በስፋት መተከል የጀመረው በዚሁ ረሃብ ምክንያት መሆኑን የዘርፉ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ድንች በሬ አይጠይቅም። ለእህል ከሚያስፈልገው ባነሰ ቦታና ባጠረ ጊዜ ይደርሳል። በርበሬም ቲማቲምም ቢሆኑ እንደ ድንች ከአሜሪካ አህጉር የመነጩ ናቸው። ዛሬ የሀበሻ ወጥ ያለ እነርሱ የማይታሰበው ቤተሰቦች ለዘመናት በየጓሯቸው ሞክረው ስላላመዷቸው ነው።

ሁለት ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ ዜሮ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ደነገገ። ገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ጭሰኛው ከጭሰኝነት ወጣ። ቀጥሎም የአገልግሎትና የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጡ። በሰኔ 1971 ዓ.ም. የወጣው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ዕድገቱ በሦስት ደረጃ እንዲሄድ አደረገ፦ መልባ፣ ወልባና ወላንድ።

እነዚህ ሦስት ቃላት ዛሬ በዕድሜ ከገፉት በስተቀር ብዙ ሰው አያስታውሳቸውም። ለጓሮው ግን ትልቅ ትርጉም ነበራቸው። በመልባ ደረጃ አባላት መሬታቸውን ለጋራ ሲያስገቡ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቁራሽ ለግላቸው መያዝ ይችሉ ነበር። ወደ ወልባ ሲያድጉ የግሉ ይዞታ ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። በወላንድ ደግሞ የግል ይዞታ ጨርሶ ይቀራል። በሌላ አነጋገር የማኅበሩ "ዕድገት" ይለካባቸው ከነበሩት መለኪያዎች አንዱ የጓሮው መጥበብ ነበር። በጋራው ማሳ ላይ የተሠራው ሥራ በነጥብ ተመዝግቦ በመኸር ወቅት የድርሻ ክፍያ ሲያስገኝ በጓሮ የዋለው የእናቶችና የልጆች ጉልበት ነጥብ አልነበረውም።

የሚገርመው አሠራሩ የተወሰደባት ሶቪየት ኅብረት ራሷ ከዚህ ጉዳይ ትምህርት የቀሰመች መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የኮልኮዝ መተዳደሪያ ደንብ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ አካባቢው ሁኔታ በአብዛኛው ከሩብ እስከ ግማሽ ሄክታር የሚደርስ የጓሮ መሬት ፈቅዶ ነበር። ከጠቅላላው የእርሻ መሬት ጥቂት ከመቶ ብቻ የሆነው ይህ የጓሮ መሬት ለአሥርት ዓመታት ከሀገሪቱ ድንች፣ አትክልት፣ እንቁላልና ወተት ከፍተኛውን ድርሻ ሲያቀርብ ኖሯል። የእኛዎቹ መመሪያ አውጪዎች ኮልኮዙን ሲያመጡ ጓሮውን ግን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ቆጠሩት።

በዚያው ዘመን ለገበሬው ትልቁ ራስ ምታት ኮታ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ የሚሰበስበው እህል፣ ጥራጥሬና የቅባት እህል በገበሬ ማኅበራት በኩል ይደለደል ነበር፤ ምርት ባነሰበት ዓመት ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝተው በርካሽ ያስረከቡ ገበሬዎች ነበሩ። ኮታው ግን ጎመንና ዱባ አይጠይቅም። ሊቀመንበሩ ጎተራ ያያል እንጂ የቃሪያ መደብ አይቆጥርም። ስለዚህ ጓሮው በዚያ ሁሉ ዓመት ቤተሰቡ ራሱ አዝዞ የሚበላበትና የተረፈውን በፈለገው ዋጋ የሚሸጥበት ብቸኛ ማሳ ሆኖ ቆየ። በጾም ወራት፣ ማለትም ለኦርቶዶክስ ምእመናን በዓመቱ ግማሽ ገደማ፣ የወጥ ነገር ከዚያው ይወጣል፤ ገንዘብ ከቤት አይወጣም።

የአምራች ማኅበራቱ አባላት ከጠቅላላው ገበሬ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነበሩ። ብዙውን ሕዝብ የነካው መንደር ምሥረታ ነው። በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ ተጀምሮ በ1978 ዓ.ም. ወደ ሌሎች ክፍለ ሀገሮች የተስፋፋው ይህ ዘመቻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ቤቱን አፍርሶ በተሰመረ መስመር ላይ እንዲሠራ አድርጓል። ቤት በሳምንታት ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ጓሮ አይቻልም። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት አመድና ፍግ የጠጣ አፈር ተሸክሞ አይሄድም። ጌሾው፣ እንሰቱና ቡናው ከድሮው ቦታ ቀሩ። አዲሱ ግቢ ገና የማሳ አፈር ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት የተጠጋጋ በመሆኑም የአንዱ ዶሮ የሌላውን ችግኝ ይጭራል። ቀድሞ ከደጃፍ ይቀነጠስ የነበረውን ጎመን በሳንቲም መግዛት በብዙ ቤት የተለመደው በዚያን ጊዜ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። አባላቱ መሬቱን፣ በሬውንና ዕቃውን ተከፋፈሉ፤ ከመንደሩም ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ቀያቸው ተመለሱ። መጋዘን የተዘረፈበት፣ ወፍጮ የተነቀለበትም ቦታ አለ። ኅብረት ሥራ የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ በገበሬው ጆሮ ሻካራ ሆኖ የቆየበት ምክንያት ከዚህ ታሪክ ውጭ አይታይም።

ሽንኩርቱ ከጓሮ እንዴት ወጣ

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በአባላት ፈቃደኝነት ላይ ቆመው እንደገና እንዲደራጁ መሠረት ጣለ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። ዩኒየኖች የተስፋፉት በዚህ ማዕቀፍ ነው። በ1987 ዓ.ም. ከተጀመረው የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ጋር ተዳምሮ የዩኒየኖቹ ዋና ሥራ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማቅረብ፣ እህልና ቡና ሰብስቦ መሸጥ ሆነ። ይህ ለአርሶ አደሩ ያስገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ግብዓቱም ብድሩም ገበያውም የታሰበው ለማሳው ነበር። ከአንድ ቤት በአባልነት የሚመዘገበው በአብዛኛው አባወራው በመሆኑ ጓሮውን የምትይዘው እማወራ በጉባኤው ላይ ድምፅ ሳይኖራት ቀረ። ጓሮው ከኮታ ያመለጠውን ያህል ከማኅበሩም መዝገብ አመለጠ።

በዚሁ ጊዜ አትክልት የንግድ ሰብል ሆነ። የላይኛው አዋሽ የመንግሥት እርሻዎችና የኢትፍሩት ሱቆች በደርግ ዘመን የጀመሩትን የስምጥ ሸለቆ ገበሬዎች በመስኖ ፓምፕ ቀጠሉበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚህ ረገድ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ በሌሊት የተጫነው ሽንኩርትና ቲማቲም ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ይደርሳል፤ ከዚያም ተመልሶ በአይሱዙ ወደ ደጋው የወረዳ ገበያ ይወጣል።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የዘሩ ጉዳይ ነው። ቀድሞ በየጓሮው ይተከል የነበረው የሀበሻ ቀይ ሽንኩርት በኮረቱ የሚራባ ነው። እናት ከመኸሩ ደህና ደህናውን መርጣ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ትሰቅለዋለች፤ በሚቀጥለው ወቅት ነጣጥላ ትተክለዋለች፤ ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከሉ የለም። ትንሽ፣ ለመላጥ አስቸጋሪ፣ ነገር ግን ጣዕሙ የጠነከረ ሽንኩርት ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጣው አዳማ ቀይ፣ ከውጭ የገባው ቦምቤይ ሬድና የመሳሰሉት ትልልቅ ሽንኩርቶች በምርት ብዛት አሸነፉት። እነዚህ ግን የሚበቅሉት ከፍሬ ዘር ነው። ዘሩ በቆርቆሮ ይገዛል፣ ችግኝ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ቶሎም ያረጃል። ለመስኖ ገበሬው ይህ ትርፍ ነው፤ ለጓሮዋ ባለቤት ግን በእጇ የነበረው ዘር ከእጇ የወጣበት ቀን ነው። የሀበሻው ሽንኩርት ከብዙ ቤት የጠፋው ማንም ሳይከለክለው፣ መግዛቱ ቀላል እየሆነ በመምጣቱ ብቻ ነው።

በከተማ የነበረው አካሄድ ለየት ይላል። በአዲስ አበባ በወንዝ ዳር አትክልት ያለሙ የነበሩ ገበሬዎች ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ በአትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተዋል። ይህን ማኅበር ያጠኑት ተመራማሪ አክሱማዊት ገብረእግዚአብሔር እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የግብርና ጥናት ላይ እንዳሳዩት ቤተሰቦቹ ከሚያመርቱት ለራሳቸው ይመገባሉ፣ የቀረውን ይሸጣሉ፤ በማኅበር መደራጀታቸውም መሬቱን ይዘው ለመቆየት አቅም ሆኗቸዋል። እዚህ ላይ ማኅበር ጓሮውን አላጠበበም፤ ጠበቀው። በኋላ የመጣው ችግር ከወንዙ ነው። አቃቂ ወንዝ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚለቀቅ ቆሻሻ በመበከሉ በዚያ ውኃ የሚለማው አትክልት በጤና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት በተከታታይ ጥናቶች ተነግሯል።

ዋጋው ሲወጣ

በ2000 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ በመላው ሀገሪቱ አሻቀበ። መንግሥት ለከተማ ነዋሪ ስንዴ በዝቅተኛ ዋጋ አከፋፈለ፤ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆች ሰልፍ የሚታይባቸው ሆኑ። በዚያው ወቅት በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴ፣ በአዳማና በሐዋሳ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩና ለችግረኛ ቤተሰቦች በጠብታ መስኖ የጓሮ አትክልት የሚያለማ ፕሮግራም በውጭ ዕርዳታ ተካሂዷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ልጆች አመጋገብ ሲያስተምሩ ጎመንና ካሮት ከጓሮ እንዲገኝ ይመክራሉ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋትም በየፊናቸው የቤተሰቡን ማዕድ ከቤቱ ግቢ ጋር መልሰው አያይዘዋል።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የከተማው ሰው ሽንኩርቱ ከየት እንደሚመጣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አስቦበታል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ በአዲስ አበባ ከመቶ ብር አለፈ። ክረምት ለሽንኩርት ክፉ ወቅት ነው፤ ማሳ ላይ ያለውን በሽታ ይመታዋል፣ የተከማቸው ይበሰብሳል። ስለዚህ ዋጋው መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲወጣ ያ የዓመት በዓልና የትምህርት ቤት ወጪ የሚደራረብበት ጊዜ ነው።

ለስሌት ያህል በሳምንት አንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚበቃው ቤተሰብ በመቶ ብር ሒሳብ በዓመት 5,200 ብር ያወጣል። ጓሮው ይህን ሁሉ ይሸፍናል ማለት ራስን ማታለል ነው። ሽንኩርት ከችግኝ ጣቢያ እስከ መከር ከአራት ወር በላይ ይወስዳል፣ ውኃም ይሻል። የአራት ወሩን ፍጆታ ብቻ ከሸፈነ ግን 1,700 ብር ገደማ ከቤት አልወጣም ማለት ነው። ጎመንና ቆስጣ ከዚህ ይቀላሉ፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ መቀንጠስ ይጀምራሉ፣ ለወራትም አያቋርጡም። እጣቢ ውኃና አመድ በዚያው ግቢ አለ። የማይገኘው ጉልበት ነው፤ በበጋ ከወንዝ በጀሪካን ውኃ የምትቀዳው ያችው እናት ወይም ልጇ ናት። የውኃ ጉድጓድ በሌለበት መንደር "ጓሮህን አልማ" ማለት ለአባወራው የተነገረ ቢመስልም የሥራው ዕዳ ወደ እርሷ ነው የሚሄደው።

መሬቱም እየጠበበ ነው። በመልባ ዘመን 2,000 ካሬ ሜትር ተብሎ የተተወው ጓሮ በብዙ ቦታ ዛሬ ለሁለትና ለሦስት ልጆች ተከፍሏል፤ ጎጆ የወጣው ወንድ ልጅ ቤቱን የሚሠራው በአባቱ የጎመን መደብ ላይ ነው። ጥሬ ገንዘብ ቶሎ ስለሚያመጡ ባሕር ዛፍና ጫት ግቢ ድረስ ዘልቀው የገቡበት አካባቢም ጥቂት አይደለም። ጫቱ ገንዘብ ያስገኛል፤ ከገንዘቡም የተወሰነው ሽንኩርት ይገዛበታል።

ማኅበራትና ዩኒየኖች በዚህ ላይ የሚሠሩት ሥራ ብዙ ካፒታል የሚጠይቅ አይደለም። የአትክልት ዘር በቆርቆሮ ሳይሆን ለአንድ መደብ በሚበቃ መጠን ተመጥኖ በመሠረታዊ ማኅበሩ ሱቅ ቢቀርብ፣ እማወራዎች ከባሎቻቸው ጋር በአባልነት ቢመዘገቡ፣ የሀበሻው ሽንኩርት ኮረት እስካሁን ካልጠፋባቸው ቤቶች ተሰብስቦ ለአባላት ቢከፋፈል የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ የሚጠይቁ ጉዳዮች ናቸው። ኮረቱ በአንዳንድ ቤት አሁንም አለ። ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ያጠቆረው ማገር ላይ፣ በልጥ ታስሮ ተሰቅሎ የሚቀጥለውን ወቅት ይጠብቃል።